ጣራው ሲነቀል ወፍጮው ይፈጭ ነበር

የሻረግ እባላለሁ። ቡሬ ውስጥ ወፍጮ ቤት አለኝ። ግራ እጄ ከትከሻዬ በላይ አይነሳም፤ ጠጉሬን እንኳ የምትሠራኝ ልጄ ናት። አዲስ ደንበኞች ሲያዩኝ «ማሽኑ ነው እንዲህ ያደረገሽ?» ይሉኛል። ማሽኑ አይደለም። የኪራይ ክርክር ነው።

የተወለድኩት ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። ባሌ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው፤ ሥራውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ወፍጮውን ስንገዛ የራሳችን ቦታ አልነበረንም። ስለዚህ ከዋናው መንገድ ዳር የነበረውን ቤት ከመሪጌታ ይትባረክ ተከራየን። መሪጌታ ብዙ ደቀ መዝሙር በቅኔ ያስመረቁ ሰው ነበሩ። ሲናገሩ ቃላቸው ሁለት ወገን አለው፤ ዋናው የሚገባሽ ቤትሽ ከደረስሽ በኋላ ነው። «ውሉን በጽሑፍ ብናደርገው ቅር ይልዎታል?» ብዬ ስጠይቃቸው ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን ሳቁ።

«ልጄ፣ እኔ ምላሴ ብዙ ነገር ይናገራል፤ የትኛውን እንዳልኩሽ ኋላ እንዳልረሳው ጻፊው» አሉኝ።

ረጅም ዓመት የሚቆይ ውል ጻፍን። ምስክሮች ፈረሙ፤ ወስደንም በመንግሥት ቢሮ አስመዘገብነው። ከዚያ በኋላ ከመሪጌታ ጋር አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተለዋወጥንም።

መሪጌታ አረፉ። ሙት ዓመታቸው እንደወጣ ትልቁ ልጃቸው ደሳለኝ መጣ። ቆላ ወርዶ በእርሻ ሥራ ብዙ ዓመት የቆየ፣ ግዙፍ ሰው ነው። ወፍጮው ፊት ለፊት ቆሞ ግድግዳውን ሲመረምር አየሁትና ወንበር አወጣሁለት። አልተቀመጠም።

«እታለም፣ ቤቱን ልቀቂልኝ። የብረታ ብረት ሥራ ልከፍትበት ነው።»

«አያ ደሳለኝ፣ ውል አለን እኮ። ጊዜው ገና ነው።»

«ውሉ ከአባቴ ጋር ነው። አባቴን ቀብረነዋል።»

ኪራዩን ስልክለት መለሰልኝ። ሽማግሌ ብልክበት፣ ሽማግሌዎቹን እንኳ ቁጭ በሉ ሳይል ሸኛቸው። አንድ ቀን ደግሞ በመንገድ ላይ አስቁሞ «ወይ ከቤቱ ትወጫለሽ፣ ወይ ነፍስሽ ትወጣለች» አለኝ። ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ነገርኩ። «ይሄ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፤ ፍርድ ቤት ሂጂ» ብለው መለሱኝ።

ፍኖተ ሰላም አንዲት ጠበቃ ነበረች። ወጣት ናት፤ ስትናገር ግን አትቸኩልም። ነገሩን ጨርሼ ስነግራት ብዕሯን አስቀምጣ እንዲህ አለችኝ፦

«አከራይ ሲሞት ወራሾቹ በቦታው ይተካሉ እንጂ ውሉ አይፈርስም። በጉልበት ሊያስወጣሽ ከሞከረ ደግሞ ያ ሁከት ነው፤ ሁከት ይወገድልኝ ብለን እንከሳለን። ፖሊሶቹ ስለ ቤቱ ያሉሽ ልክ ነው። ዛቻው ግን ወንጀል ነው። ተመለሺና ዛቻውን ብቻ አስመዝግቢ።»

ተመልሼ አስመዘገብኩ። ክሱንም መሠረትን።

ታናሽ ወንድሜ አንማው ይህን ሲሰማ ተቆጣ። አንማው ገበሬ ነው፣ የትንንሽ ልጆች አባት። ፈቃድ ያለው ክላሽ ከትከሻው አይለይም። «ስንት ጊዜ ፍርድ ቤት ትመላለሻለሽ? እኔ አንድ ቀን ላናግረው» ይለኝ ነበር። «ካናገርከውማ ማን ይመልስልሃል?» እለው ነበር እኔም። የሚያናግረው በጥይት እንደሆነ አውቃለሁና።

መጥሪያው ለደሳለኝ በደረሰው ማግስት ገበያ ነበር።

ረፋዱ ላይ ወፍጮ ቤቴ በሰው ተሞልቷል። በቆሎ፣ ጤፍ፣ ስንዴ የያዙ ሴቶች ጆንያቸውን በተራ ደርድረው ይጠብቃሉ። የወፍጮ ድምፅ እንደምታውቁት ያደነቁራል፤ መምጣታቸውን አልሰማሁም። መጀመሪያ ያየሁት የሴቶቹን ፊት ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ በሩ ዞሩ።

ደሳለኝ መጥረቢያ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ከኋላው ታናሽ ወንድሙ ሙሉቀንና የማላውቃቸው ጎረምሶች አሉ፤ አንዱ ዲጅኖ፣ ሌላው መሰላል ተሸክሟል። ሙሉቀንን አውቀዋለሁ። መሪጌታ በሕይወት ሳሉ እህል እያመጣ ያስፈጭ ነበር፤ ዓይነ አፋር፣ ወንድሙ ያለውን ሁሉ እሺ የሚል ጎልማሳ ነው።

ደሳለኝ መጥሪያውን ከኪሱ አውጥቶ ቀደደና ፊቴ ላይ በተነው።

«በአባቴ ቤት ልትከሺኝ!»

«ቀጠሮው ቅርብ ነው፣ አያ ደሳለኝ። ያለህን እዚያ ተናገር።»

«ቀጠሮው ሲደርስ ቤት የሚባል ነገር የለም። ሁላችሁም ውጡ!»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሴቶቹ እህላቸውን ጥለው መሄድ አልፈለጉም። በዚህ ጊዜ መጥረቢያውን አንስቶ በቅርቡ ያለውን ጆንያ ሰነጠቀው። በቆሎው እንደ ጠጠር ተዘረገፈ። አንዲት ደንበኛዬ «የልጆቼን ጉርስ!» ብላ ልትሰበስብ ስታጎነብስ በእርግጫ ጎኗን መታት። ወደቀች። ከዚያ በኋላ ጩኸት ሆነ። ሴቶቹ እየተገፋፉ ወጡ፤ የወደቀችዋንም ጎትተው አወጧት። ደሳለኝ አብሬያቸው የምወጣ መስሎት ከበሩ ውጭ ወደ ጎን ሲል በሩን ገፍቼ ዘጋሁና መቀርቀሪያውን ጣልኩ።

ለምን አልወጣሁም? ጠበቃዋ «ቤቱን ከለቀቅሽ በኋላ ማስመለሱ ረጅም ጊዜ ሊፈጅ ይችላል» ብላኝ ነበር። ያ ነው በጆሮዬ ያለው። ሙቺበት ግን አላለችኝም።

ስልኬን አውጥቼ ፖሊስ ጣቢያ ደወልኩ። ማሽኑ እየሠራ ስለሆነ የሚመልሱልኝን አልሰማም፤ እኔ ብቻ «ሊገድሉኝ ነው! ወፍጮ ቤቱ ጋ!» እያልኩ እጮኻለሁ። ወፍጮውን ላጠፋ ወደ በሩ ስዞር የዲጅኖው ጫፍ በሩን በስቶ ገባ። ማጥፊያው በሩ አጠገብ ያለው ግድግዳ ላይ ነው። ዲጅኖው ወጣ፣ ደግሞም ገባ። የእንጨት ስንጣሪ ፊቴን ቧጠጠኝና ወደ ኋላ ሸሸሁ።

በዚያው ቅጽበት ጣራው ላይ እግር ተራመደ።

ቆርቆሮ ከምስማሩ ሲነቀል የሚሰማውን ድምፅ ሰምታችሁ ታውቁ ይሆን? ከወፍጮው ጩኸት በላይ ይሰማል። ከላይ የፀሐይ ብርሃን እንደ ጦር ገባ። አንድ ቆርቆሮ ተገንጥሎ ወደ ውስጥ ወደቀና ቀድሞ ከቆምኩበት አጠገብ የነበረውን ጆንያ ሰንጥቆት ተተከለ። ዱቄቱ ቤቱን እንደ ጉም ሞላው። ጥግ ላይ ባሉት ጆንያዎች መሐል ተቀረቀርኩ። ከላይ ሌላ ቆርቆሮ፣ ድንጋይ፣ የማገር ስባሪ ይወርዳል። በሩ ይደበደባል። ወፍጮው የሰው እህል በቋቱ እንደያዘ ይፈጫል። «ድንግል ማርያም፣ እንዲህ ተቀብሬ አልሙት» አልኩ።

ከዚያ አንድ ጩኸት ሰማሁ፤ የሰው ጩኸት መሆኑን ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ።

ሙሉቀን የቆመበት ማገር ተሰብሮ ከጣራው ወርዷል። የወደቀው ማሽኑ ላይ ነው። የሞተሩ የጎማ ችንጋ ሱሪውን ያዘው፣ ከሱሪው ጋር እግሩን ይዞ ወደ መዘውሩ ጎተተው። ዱቄቱ መሐል ፊቱን አየሁት። አፉ ተከፍቷል፤ ድምፁ ግን ከዚያ በኋላ አልወጣም።

ያኔ ምንም አላሰብኩም። ጠላቴ ነው አላልኩም፣ ወንድሜ ነውም አላልኩም። እየተንፏቀቅሁ ወደ ማጥፊያው ሄድኩ። እጄን ስዘረጋ በሩ ከነማጠፊያው ተነቅሎ ላዬ ላይ መጣ። የግራ ክንዴ በበሩና በግድግዳው መሐል ሲሰበር እኔው ሰማሁት። ደረቅ እንጨት በጉልበት እንደሚሰበር ነው። በቀኝ እጄ ግድግዳውን ዳበስኩ፣ አገኘሁት፣ መታሁት።

ወፍጮው እያቃሰተ ቆመ። ከዚያ በኋላ የነበረው ጸጥታ ያስፈራል።

ደሳለኝ በወደቀው በር ላይ ተረማምዶ ገባ። ወንድሙን አየ። ነጩ ዱቄት ከሥሩ ቀይ ጭቃ ሆኗል። ከዚያ እኔን አየኝ፣ መጥረቢያውንም አነሳ።

«ወንድሜን በማሽን አስበላሽው!»

ከበሩ ሥር ሆኜ ልንቀሳቀስ አልቻልኩም። የመጥረቢያውን ስለት አያለሁ። ዓይኔን ልጨፍን ስል ከማሽኑ በኩል ቀጭን ድምፅ መጣ።

«አያ... ተዋት። ማሽኑን ያጠፋችው እሷ ናት።»

ደሳለኝ ቀጥ አለ። መጥረቢያው ከላይ እንዳለ ወደ ማሽኑ ዞረ።

«ሙሉቀን! አለህ?»

«አውጣኝ፣ አያ...»

መጥረቢያውን ጥሎ ወንድሙን ከብብቱ ሥር ይዞ ሊጎትት ሲል ጮህኩበት። «አትጎትተው! እግሩን ትገነጥለዋለህ! መዘውሩን ወደ ኋላ አዙረው!» አብረውት የመጡት ጎረምሶች ደሙን ሲያዩ ተበትነዋል። እሱ ብቻውን ቢታገል መዘውሩ አልዞር አለው። በሩን ከላዬ ገፍቼ ወጣሁና በደህናው እጄ አብሬው ያዝኩ። ሁለታችንም ትከሻ ለትከሻ ገፋን። ትንሽ በትንሽ ዞረ። ሙሉቀን ሲላቀቅ ራሱን ሳተ። መቀነቴን ፈትቼ ከጉልበቱ በታች አሠርን፤ ደሳለኝ በጥርሱ ሳይቀር ስቦ አጠበቀው። ከአፍታ በፊት ሊገድለኝ የነበረ ሰው ዓይን ዓይኔን እያየ «ምን ላድርግ? ሌላ ምን ላድርግ?» ይለኛል።

ያ ሁሉ ሲሆን ደንበኞቼ ገበያ ሮጠው አንማውን አግኝተዋል። «እህትህን ገደሏት» ነው ያሉት።

ተንበርክከን ሳለን በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ቀና ስል አንማው ነው። ክላሹ ከትከሻው ወርዶ እጁ ላይ ነው። ያየው ምን እንደሆነ አስቡት፦ ጣራው ተነቅሏል፣ እህቱ ከራስ እስከ እግሯ በደምና በዱቄት ተለውሳለች፣ ክንዷ ተንጠልጥሏል፣ አጠገቧ ደሳለኝ ነው። ጠመንጃውን ሲያቀባብል ሰማሁ።

«እታለም፣ ፈቀቅ በይ።»

«አንማው፣ አይሆንም!»

«ፈቀቅ በይ አልኩሽ!»

ደሳለኝ አልሸሸም። ወንድሙን በደረቱ ሸፍኖ ጀርባውን ሰጠ። ከኋላው ሆኜ ትከሻው ላይ ተደፋሁበት። ክንዴ ሲነካው ዓይኔ ጨለመብኝ፤ ግን አልተነሳሁም።

«ከላዩ ተነሺ! ይሄ ውሻ ላንቺ ምንሽ ነው?»

«ለኔ ምኔም አይደለም! ልጆችህን ማን ያሳድጋል? እሱን ገድለህ አንተ እስር ቤት ስትገባ የእሱ ዘመድ ደግሞ ማንን ይፈልጋል? ልጅህን ነው!»

«ሰው ምን ይለኛል? እህቱን ሰብረዋት ዝም አለ ይለኛል!»

«እኔ ከስሻቸዋለሁ! ፋይሉ ተከፍቷል! በኔ ጉዳይ አንተ አትፍረድብኝ!»

ወደ ጎን ተራምዶ የሚተኩስበት ክፍተት ፈለገ። አፈሙዙ ጆሮዬ አጠገብ ሲደርስ በቀኝ እጄ አንቄ ወደ ላይ ገፋሁት። ተኮሰ። ጆሮዬ ደነቆረ። ጥይቱ በተነቀለው ጣራ በኩል ወደ ሰማይ ሄደ። አንማው መሬት ላይ ቁጭ አለና እንደ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ፤ ክላሹን ግን እኔ አልለቀቅኩትም።

ፖሊሶቹ እንዲህ ሆነን ነው ያገኙን።

ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል የተወሰድነው በአንድ መኪና ነው። ሙሉቀን ወለሉ ላይ ተኝቷል፣ ደሳለኝ ካቴና በገባበት እጁ ራሱን ደግፎለታል፣ እኔ ጥግ ላይ ነኝ። መኪናው በነጠረ ቁጥር እኔና ሙሉቀን እኩል እንቃትታለን። ደሳለኝ አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ «ለምን ሸፈንሽኝ?» አለኝ። «መቀነቱ እንዳይላላ» አልኩት። አሁንም ብትጠይቁኝ ስለ እሱ ብዬ ነው አልልም። አንማውን ለማትረፍ ነው።

የሙሉቀን እግር ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

ይሄ ሁሉ ካለፈ በኋላ ሰላም የሆነ እንዳይመስላችሁ። ደሳለኝ በአካል ጉዳትና በንብረት ማፍረስ ተከሶ ታሰረ። አንማው በተኮሰው ጥይት ምክንያት እሱም ለጊዜው ታስሮ ወጣ፤ ጠመንጃውም ተወሰደበት። ከዚያ ያልጠበቅሁት መጣ፦ ቤተሰቡ በሙሉቀን ስም ስለ እግሩ እኔን ከሰሰ። መጥሪያው ሲደርሰኝ እጄ ገና በጀሶ ነበር። ሳቅ መጣብኝ። ጠበቃዋ ግን አልሳቀችም።

«ይሄኛው ያስፈራኛል» አለችኝ። «አደገኛ ማሽን ያለው ሰው ምንም ጥፋት ባይኖርበትም ማሽኑ ላደረሰው ጉዳት ሊጠየቅ ይችላል። ከክሱ ነፃ የምንሆነው ጉዳቱ የደረሰው በራሱ በተጎጂው ጥፋት መሆኑን ካስረዳን ነው።»

«ጣራዬን ሲነቅል አይደል እንዴ የወደቀው?»

«አንቺ ታውቂያለሽ። ዳኛ ግን እዚያ አልነበረም።»

በችሎቱ ቀን ሙሉቀን በክራንች ገባ። ዘመዶቹ ከኋላው ሞልተዋል። ዳኛዋ ብዙ ከጠየቀችው በኋላ «ጣራው ላይ የወጣኸው ማሽኑ እየሠራ መሆኑን እያወቅህ ነው?» አለችው።

ወደ ዘመዶቹ አላየም።

«ይሰማል እኮ፣ ክብርት ዳኛ። አውቄ ነው የወጣሁት። እሷ ባታጠፋው እኔ እዚህ አልቆምም ነበር።»

ከኋላ አንድ ሰው «ምነው ሙሉቀን!» ሲል ተሰማ። ክሱ በዚያ ቃል ወደቀ። የሁከቱንም ጉዳይ አሸነፍኩ፤ ጣራውን እንዲመልሱ፣ ውሉ እስኪያልቅም እንዳይደርሱብኝ ታዘዘ።

በቀረው የውል ዘመን እዚያው ፈጨሁ። ውሉ ሲያልቅ፣ ደሳለኝ ከእስር ወጥቶ ነበርና፣ ምስክር ባለበት የርክክብ ወረቀት ፈርመን ቁልፉን ሰጠሁት። ጊዜው ሲያልቅ ቤቱ የእነሱ ነው፤ ይሄም ሕጉ ነው። እኔም ወፍጮዬን ይዤ ሌላ ቦታ ሄድኩ።

እናንተ ሱቅ ያላችሁ፣ ጋራዥ ያላችሁ፣ ዳቦ ቤት ያላችሁ፣ ይህን የምነግራችሁ ለማስፈራራት አይደለም። ውላችሁን ጽፋችሁ አስመዝግቡ። አከራያችሁ ሲሞት ለቅሶ ደርሳችሁ ብቻ አትመለሱ፤ ኀዘኑ ሲበርድ ወራሾቹ እነማን እንደሆኑ እወቁ፣ ውሉን አሳዩአቸው፣ ኪራዩን አልቀበልም ካሉም በፍርድ ቤት በኩል ማስቀመጥ እንደሚቻል ጠይቁ። እኔ ደሳለኝን ያወቅሁት በሬ ላይ ሲቆም ነው፤ ያ ዘግይቶ ነበር። የሚዝት ሰው ሲገጥማችሁ ዛቻውን በዕለቱ አስመዝግቡ። እኔ ያስመዘገብኩት ዛቻ በደሳለኝ ላይ በተመሠረተው ክስ ዋና ማስረጃ ሆኗል። መጥረቢያ ይዘው ከመጡ ግን ማሽናችሁን አጥፉና ውጡ። ይዞታን ፍርድ ቤት ይመልሳል። ቢቆይም ይመልሳል። የኔን ክንድ ማንም አልመለሰልኝም።

ከሁሉ በላይ ግን፣ ስለ እናንተ ብለው የሚናደዱ ወንድሞቻችሁን ጠብቋቸው። እኔ ያን ቀን ከመጥረቢያው ይልቅ የፈራሁት የወንድሜን ፍቅር ነው። ጉዳዩ የእናንተ ከሆነ በእናንተ እጅ ይቆይ።

ሙሉቀን አሁን ስልክ ይጠግናል። መንገድ ላይ ስንገናኝ እንሳሳማለን፤ ስለዚያ ቀን አናወራም። ደሳለኝ በዚያው ቤት በርና መስኮት ይበይዳል። አንማው ያን ጊዜ ስለያዝኩት እስከ ዛሬ አላመሰገነኝም፤ አንዳንዴም «አሳፈርሽኝ» ይለኛል። ባለፈው ሳምንት በቆሎ ጭኖ መጣና ትንሿን ልጁን ጉልበቴ ላይ አስቀምጦ ገበያ ሄደ። ልጅቱ እጅጌዬን ገልባ ጠባሳውን በጣቷ እየተከተለች «አክስቴ፣ ያምሻል?» አለችኝ።

«ሲበርድ ብቻ» አልኳት።